ደም ብዛት በጎጃም፦ ሕጉ ያልነካው ጨው፣ ጤና ጣቢያው ያጣው ኪኒን

ኢትዮጵያ ትምባሆን ለመቆጣጠር ያወጣችው ሕግ በአፍሪካ ጠንካራ ከሚባሉት ውስጥ ይቆጠራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ የሲጋራ ፓኮ የፊትና የኋላ ገጽ 70 በመቶው በሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን አዟል፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጋራ መሸጥን አግዷል፤ የአልኮል ማስታወቂያንም ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። በተከታዩ ዓመት የጸደቀው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ በአንድ ፓኮ ሲጋራ ላይ 30 በመቶ ታክስና በተጨማሪ 8 ብር ጥሏል። ስለ ልብ ጤናና ስለ ስትሮክ መከላከል በየአዳራሹ ሲወራ በቅድሚያ የሚጠቀሱት እነዚህ ሁለት አዋጆች ናቸው፤ መጠቀሳቸውም ተገቢ ነው።

ሆኖም ከሰከላ፣ ከቢቡኝ ወይም ከደጋ ዳሞት ሆኖ ለሚያያቸው ሰው የአዋጆቹ መልክ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ትምባሆ የሚጠቀመው ሰው 5 በመቶ ገደማ ነው፤ በጎጃም ገጠር ደግሞ ሲጋራ ከጥንትም በበጎ ዓይን ታይቶ አያውቅም። ማስታወቂያው የታገደው አልኮል የፋብሪካ ምርት ነው፤ በየጓሮው የሚወጣው አረቄ ማስታወቂያ ኖሮት ስለማያውቅ የሚታገድበት ነገር የለም። ሕጎቹ የቆሙት ፋብሪካና ከተማ ባሉበት በር ላይ ነው። የጎጃም ገበሬ ልብ የሚጎዳው ግን በሌላ በር በሚገቡ ነገሮች ነው፤ በጨው፣ በጾም ዘይት፣ በምድጃ ጭስ፣ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ በጠፋ ኪኒን።

ደም ብዛት የከተማ ሰው በሽታ ነው የሚለው እምነት እስከ ዛሬ አልጠፋም። ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውል፣ ሥጋ የሚያበዛ፣ የወፈረ ሰው ብቻ የሚይዘው ይመስለናል። በ2007 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 በሆኑ ኢትዮጵያውያን ላይ የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ግን ከስድስት ሰው አንዱ ገደማ የደም ግፊቱ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። አብዛኛው ሕዝብ ገጠር በሚኖርበት አገር ይህ ቁጥር በከተሜ ብቻ ሊሞላ አይችልም። ቀኑን ሙሉ ሲያርስ የሚውል፣ ገበያ በእግሩ ደርሶ የሚመለስ፣ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋና ከቅቤ የሚታቀብ ሰው ደም ብዛት ሲገኝበት «ስፖርት ሥራ፣ ስብ ቀንስ» ብሎ መምከር ሹፈት ይመስላል። ምክሩ የተለጠፈበት ወረቀት ላይ በሩጫ ጫማ የሚሮጥ ሰው ሲሳልበት ደግሞ ይብሳል።

የደም ግፊት ከ140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ሲቆይ የደም ሥሮችን ግድግዳ ቀስ በቀስ ያደነድናል፣ ያሳሳል። አንድ ቀን ወደ አንጎል የሚሄደው ሥር ይዘጋል ወይም ይፈነዳል፤ ስትሮክ ማለት ይኸው ነው። ከሰሐራ በታች ባሉ አገሮች የደም መፍሰሱ ዓይነት ስትሮክ ከምዕራባውያኑ አገሮች ይልቅ ድርሻው ከፍ ያለ ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ዋና መንስኤ ደግሞ ያልታከመ የደም ግፊት ነው። ብዙ ጥናቶችን በአንድነት የመዘነና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ትንተና እንዳሳየው የላይኛውን የግፊት ቁጥር በ10 መቀነስ ብቻ ስትሮክን በ27 በመቶ ይቀንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ የደም ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች በሽታውን የሚያውቁት 54 በመቶ፣ ሕክምና ላይ ያሉት 42 በመቶ፣ ግፊታቸው በቁጥጥር ሥር የዋለው ደግሞ 21 በመቶ ናቸው። ሀብታም አገሮችን ጨምሮ እንዲህ ከሆነ፣ የመርጡለ ማርያም ገጠር የት ላይ እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም።

መድኃኒቱ ብርቅ አይደለም። የአገራችን የሕክምና መመሪያ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው አምሎዲፒን በሚባለው ኪኒን ነው፤ በቀን አንዴ የሚዋጥ፣ የባለቤትነት መብቱ ካለፈ የቆየና በርካሽ የሚመረት ነው። ከባዱ ነገር መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ለዓመታት መውሰድ ነው። ሕመምተኛው ምንም ሳያመው በየወሩ ግማሽ ቀን ተጉዞ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ሠላሳ ፍሬ ይሰጠዋል። በሚቀጥለው ወር ሲመጣ «ከውጭ ግዛ» ይባላል። በሦስተኛው ወር እርሻው ይይዘዋል፤ ደግሞስ ያላመመውን ለምን ይውጣል? እንዲህ ሆኖ የቀረን ሰው «ግንዛቤ የለውም» ብሎ መዝገብ ላይ ማስፈር ቀላል ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ይህ ሰው በትክክል አስልቷል፤ የተሳሳተ ስሌት የሠራው በየወሩ እንዲመላለስ ያዘዘው አሠራር ነው።

ጎጃም በዚህ ረገድ የሚያኮራ ታሪክ አላት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር በአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስቱ ወረዳዎች አንዱ ደቡብ አቸፈር ነበር። አባወራው በዓመት አንዴ መዋጮውን ከፍሎ ቤተሰቡ ዓመቱን ሙሉ እንዲታከም የሚያስችለው ይህ ሥርዓት፣ ለዕድሜ ልክ ሕክምና ከዚህ የተሻለ ማዕቀፍ አይገኝለትም። ነገር ግን መድኑ የሚሸፍነው ጤና ተቋሙ ውስጥ ያለውን ነው። ኪኒኑ ከጤና ጣቢያው ሲጠፋ የመድን ካርዱ በኪስ ይቀራል፤ ጥሬ ገንዘቡ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ይሄዳል። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ የገጠመው አባወራ በዓመቱ መዋጮውን ሲጠየቅ ፊቱን ቢያዞር አይፈረድበትም። የደም ግፊት መድኃኒት መቋረጥ የልብ ጉዳይ ብቻ የማይሆነውም ለዚህ ነው፤ የመድኑን አመኔታ እየበላ ነው።

መውጫው በዚሁ አገር የተሞከረ ነው። የኤችአይቪ ሕክምና ላይ ያለና ጤናው የተረጋጋ ሰው የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይዞ እንዲሄድ ከተፈቀደ ዓመታት ተቆጥረዋል። ግፊቱ የተስተካከለ ገበሬ አምሎዲፒኑን ቢያንስ የሦስት ወር ለምን አይወስድም? መልሱ ሕክምናዊ አይደለም። የኤችአይቪን መድኃኒት የሚገዛው የውጭ ለጋሽ ነው፤ የደም ብዛትን ኪኒን የሚገዛው ጤና ጣቢያው ራሱ፣ ከውስጥ ገቢውና ከመድኑ ከሚመለስለት ገንዘብ ነው። የመድን ክፍያው ሲዘገይ ግዢው ይዘገያል፤ ግዢው ሲዘገይ ሠላሳው ፍሬ አሥራ አምስት ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ በክልሉ በቀጠለው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ይህ ክር ጨርሶ ይበጠሳል። የሦስት ወር መድኃኒት ቤቱ ያለው ሰው መንገድ ቢዘጋም ይሰነብታል፤ የሁለት ሳምንት ያለው ግን መንገዱ እስኪከፈት ግፊቱ አይጠብቀውም።

የመለካቱም ነገር እንዲሁ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ጤና ኬላን በየቀበሌው አድርሷል፤ ሥራውም በአመዛኙ በእናቶችና በሕፃናት ላይ ነበር፣ ውጤቱም ተመስክሮለታል። ነፍሰ ጡር ሴት ክትትል ስትጀምር ግፊቷ ይለካል። የሃምሳ ዓመት ወንድ ግን ጤና ኬላውን የሴቶች ቤት አድርጎ ስለሚያየው ደጁንም አይረግጥ። እሱን ለማግኘት እሱ የሚገኝበት መሄድ ነው፤ ገበያ፣ እድር፣ ሰንበቴ። ከእነዚህ ሁሉ የሚሻለው ደግሞ የጤና መድን እድሳት ነው። በዓመት አንዴ አባወራ ሁሉ ስሙን ለማሳደስ ቀበሌ ይመጣል፤ መዝገቡ ተዘርግቷል፣ ስሙ ይጠራል፣ ወረፋ ይጠብቃል። ከመዝገቡ ጎን አንድ በባትሪ የሚሠራ የደም ግፊት መለኪያ ማስቀመጥ ነው የቀረው። በእርግጥ ለክቶ መተው ካለመለካት አይሻልም። ግፊቱ ከፍ ያለበት ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ሕክምና ከጀመረና ከተረጋጋ በኋላ ኪኒኑን ከጤና ኬላው እየወሰደ እንዲቀጥል፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ይህን እንድታደርግ ሥልጣንና ሥልጠና ሊሰጣት ይገባል።

አሁን ወደ ጨው። ያው የ2007ቱ ጥናት የኢትዮጵያውያን አማካይ የጨው ፍጆታ በቀን 8 ግራም ገደማ መሆኑን ገምቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። እንግሊዝና ደቡብ አፍሪካ የጨው ፍጆታን ለመቀነስ የሄዱበት መንገድ ለእኛ አይሆንም። እነሱ ያነጣጠሩት በፋብሪካ ዳቦና በታሸገ ምግብ ላይ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ዳቦ ውስጥ የሚገባውን ጨው በሕግ ወስናለች። በጎጃም ጨው የሚገባው እቤት ነው። በርበሬው ሲደለዝ ይገባል፣ ሽሮው ሲዘጋጅ ይገባል፣ ወጡ ሲሠራ እንደገና ይገባል፤ በአንዳንድ ቦታ ቡናውም በጨው ይጠጣል። በርበሬው ቀድሞ ጨው እንደጠጣ እያወቀች እንኳ ወጥ የምትሠራ ሴት እጇን የሚይዛት የለም፤ «አልጫ ሆነ» የሚል ባል ግን አይጠፋም። ፋብሪካ የሌለበትን ጨው በፋብሪካ ደንብ መቀነስ አይቻልም።

ይህ ማለት ግን ሕግ ምንም አይሠራም ማለት አይደለም። ለዚህ ምስክሩ እንቅርት ነው። በጎጃም ደጋ አንገቱ ያበጠ ሰው ማየት የተለመደ የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም፤ መንስኤው በአፈሩና በምግቡ ውስጥ አዮዲን ማነሱ ነበር። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 204 ለሰው የሚቀርብ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት አስገደደ። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው በ15 በመቶ ቤቶች ብቻ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ጥናት 89 በመቶ ደረሰ። አንዲትም እናት አልተመከረችም ለማለት አይደለም፤ ለውጡን ያመጣው ግን ምክሩ አልነበረም። የአገሪቱ ጨው በብዛት የሚመጣው ከአፋር፣ በተለይም ከአፍዴራ ነው። ጨው ሚሊዮን ቤት ከመግባቱ በፊት በጥቂት እጆች ያልፋል፤ ሕጉም የያዘው እነዚያን ጥቂት እጆች ነው።

በዚሁ መንገድ ሌላም ነገር ሊያልፍ ይችላል። በቻይና ገጠር በ600 መንደሮች፣ ወደ 21 ሺህ በሚጠጉ ሰዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ከተራ ጨው አንድ አራተኛው በፖታሲየም ክሎራይድ ሲተካ ምን እንደሚሆን ለአምስት ዓመት ያህል ተከታትሏል። ስትሮክ በ14 በመቶ ቀነሰ፤ ሞትም ቀነሰ። ተሳታፊዎቹ ቀድሞ ስትሮክ የያዛቸው ወይም ዕድሜያቸው 60 የሞላና ደም ግፊት ያለባቸው ነበሩ፤ ጨውም እንደኛ እቤታቸው የሚጨምሩ የገጠር ሰዎች ናቸው። አሠራራቸውን አልቀየሩም፤ የተቀየረው ከረጢቱ ውስጥ ያለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ የዚህን ዓይነቱን ጨው የሚደግፍ መመሪያ አውጥቷል። ጥንቃቄ የሚሻ ነገር አለው፤ ኩላሊቱ ለተጎዳ ሰው ፖታሲየም አደገኛ ነው፣ ዋጋውም ከተራው ጨው ይበልጣል። ስለዚህ በአንድ ጀምበር በመላ አገሪቱ ይታወጅ አልልም። በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪዎች ምግብ ቤት፣ በማረሚያ ቤቶች፣ በትምህርት ቤት ምገባ ግን ጨው የሚገዛው መንግሥት ራሱ ነው። እዚያ ለመጀመር አዋጅ አያስፈልግም፤ የጨረታ ሰነድ ላይ አንድ መስመር መጻፍ ይበቃል።

ስለ ዘይት ሲነሳ ጎጃም ተመልካች ብቻ አይደለችም። ቡሬ ላይ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የፊቤላ ፋብሪካ በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም እንዳለው ተነግሮለታል፤ ደብረ ማርቆስም ትልቅ የዘይት ፋብሪካ አላት። ከዚያ በፊት፣ ከ2003 ዓ.ም. የዋጋ ተመን በኋላ፣ የድሃው ቤት የሚገባው በድጎማ የሚመጣና በሸማቾች ማኅበር የሚከፋፈል ፓልም ዘይት ነበር፤ ሕዝቡ «የሚረጋው ዘይት» ይለው የነበረው። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የደም ኮሌስትሮልን ከፍ የሚያደርግ ቅባት ነው። የኑግ ዘይት በአንጻሩ አብዛኛው ለልብ የሚስማማው ዓይነት ቅባት ነው። ነገሩን የሚያሳዝነው ጾሙ ነው። ሰው ቅቤ ትቶ ወደ ዘይት የሚዞረው በጾም ነው፤ ኑግ በሚበቅልበት አገር ለልብ የሚመች መሆን የነበረበት ወቅት በሚረጋ ዘይት ያልፋል።

ድጎማና የቀረጥ ነፃ ፈቃድ ለዘይት ሲሰጥ እስካሁን የሚጠየቀው ስንት ሊትር፣ በስንት ብር የሚለው ነው። ምን ዓይነት ቅባት የሚለው አይነሳም። ሚዛኑ ትንሽ ቢዞር፣ ማበረታቻው ከአገር ውስጥ ኑግና አኩሪ አተር ለሚጨምቅ ቢያደላ፣ የጎጃም ገበሬ ገበያ ያገኛል፣ ድስቱም ይሻሻላል። በየመንደሩ መጭመቂያ የሚወጣው ዘይት ግን ስለ ባህላዊነቱ ብቻ ይወደስ ማለቴ አይደለም፤ ያልተጣራ፣ የተቀላቀለና የቆየ ዘይትም ጉዳት አለው፣ ጥራቱን የሚያይ ባለሙያም ያስፈልገዋል።

ስለ ምድጃው ባጭሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት ከሚሞቱት ሰዎች 23 በመቶው የሚሞቱት በስትሮክ፣ 32 በመቶው በልብ ደም ሥር በሽታ ነው። እንጀራ የምትጋግር ሴት ሲጋራ አጭሳ አታውቅም፤ ጭሱን ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትስበው ኖራለች። የተሻሻለ ምድጃ ጉዳይ በኢነርጂና በደን ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች እጅ ስለሆነ ጤና ቢሮ እንደራሱ ሥራ አይቆጥረውም።

እስካሁን ያልነው ሁሉ የትልቅ ሰው ልብ ነው። የጎጃም ሆስፒታሎች የልብ ክፍል ውስጥ ግን ወጣቶችና ልጆችም አሉ፤ እነሱን ያመጣቸው ጨውም ዘይትም አይደለም። በልጅነት ጉሮሮን የሚያሳምም ባክቴሪያ ሳይታከም ሲቀር ሰውነት ባክቴሪያውን ሲዋጋ የራሱን የልብ በሮች ያቆስላል፤ በሮቹ ይጠባሉ ወይም አልዘጋ ይላሉ። የሩማቲክ የልብ በሽታ የሚባለው ነው። ከሀብታም አገሮች በአብዛኛው ከጠፋ ቆይቷል። በሩ የጠበበ ልብ ምቱ ሲዛባ ደም ይረጋበታል፣ የረጋው ደም ወደ አንጎል ይሄዳል፤ የሃያ አምስት ዓመት ሴት ከወሊድ በኋላ ግማሽ ጎኗ የማይታዘዛት አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

መነሻውን የሚያቆመው ፔኒሲሊን ነው፤ ልቡ አንዴ የተነካ ልጅ ደግሞ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባለውን መርፌ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ለዓመታት መወጋት አለበት። የዓለም ጤና ጉባኤ በሽታውን አስመልክቶ የውሳኔ ሐሳብ ያሳለፈው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ወደ ቀበሌ ስንወርድ የምናገኘው ግን ሌላ ነው። ጉሮሮው ያበጠ ልጅ እንጥሉን ወደሚቆርጥ ሰው ይወሰዳል፤ ወደ ጤና ጣቢያ የተወሰደውም መርፌው ሰውነትን ሊያስቆጣ ይችላል በሚል ፍርሃት ባለሙያው እጁን ይሰበስባል። ፍርሃቱ ከመሬት የተነሳ አይደለም፤ ችግር ቢፈጠር የሚጠየቀው ብቻውን ያ ነርስ ነው። ከላይ ግልጽ መመሪያ፣ ከጎኑ የድንገተኛ መድኃኒት፣ ከኋላው ደግሞ የሚቆምለት መሥሪያ ቤት ከሌለ ማንም አይወጋም። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ቀዶ ሕክምና ይሰጣል፤ ወረፋው ረጅም መሆኑን ለማወቅ በማስታወቂያ የሚለምኑ ወላጆችን መስማት ይበቃል። ከዚያ ልመና ከፊሉ መርፌ በሌለበት የሚመጣ ነው።

ስትሮክ ሲከሰት ያለው ሰዓት አጭር ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከታየ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ደሙ መርጋቱን ወይም መፍሰሱን ሲቲ ስካን መለየት አለበት፣ ምክንያቱም ለሚፈስ ደም መድኃኒቱ መርዝ ነው። ከሞጣ ወይም ከቢቸና ገጠር ባሕር ዳር በዚህ ሰዓት የሚደርስ ሰው ከተገኘ እድለኛ ነው። «መጋኛ መታው» ተብሎ መጀመሪያ ጠበል የሚወሰደውም ብዙ ነው። ጠበሉንና ሐኪሙን ማጣላት የትም አያደርስም፤ ካህኑ ራሱ «ፊቱ ከተጣመመ፣ እጁ ከዛለ፣ አንደበቱ ከተሳሰረ በቅድሚያ ሆስፒታል አድርሱት» እንዲል ማድረግ ይሻላል፣ ይሰማልም። የወረዳ አምቡላንሶች በአብዛኛው ለወላዶች የተመደቡ ናቸው፤ ለስትሮክ ይዙሩ ማለት ግን ወላዷን ማስቀረት እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ለዚህም ነው ገንዘቡ ውሱን በሆነበት ሁኔታ ምርጫው ለእኔ የማያሻማው። ለዞን ከተማ ሌላ ሲቲ ስካን መግዛት ይመረቃል፣ ሪባን ይቆረጥለታል፣ በቴሌቪዥን ይታያል። የአንድ ወረዳ የደም ግፊት ሕመምተኞች ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥባቸው የሚወስዱት ኪኒን ግን ምርቃት የለውም። ሐምሌ ላይ የወረዳ ምክር ቤቶች በጀት ለማጽደቅ ሲቀመጡ የሚጠየቀው ጥያቄ ቀላል ነው፤ ለአምሎዲፒንና ለቤንዛቲን ፔኒሲሊን መግዣ በስሙ የተመደበ፣ በዓመቱ አጋማሽ ወደ ሌላ ሥራ የማይዛወር ገንዘብ አለ ወይስ የለም? ከሌለ፣ የጤና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ለደም ብዛት መከላከል ያወጣውን ዕቅድ ሲያነብ አባላቱ በምን እንደሚገዛው ይጠይቁት።